«አለ» ያለሽ ሻጭ ምን ማለቱ ነው? ከሐዋሳ ሆኖ የሳይክል ዕቃ ስለማዘዝ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ለ29 ኢንች ሳይክልሽ ሁለት ጎማ፣ ሁለት ከመነዳሪና ባለ 9 ካሴት (የኋላ ማርሽ ጥርሶች ስብስብ) ከአዲስ አበባ በቴሌግራም አዘዝሽ። ሁሉም «አለ» ስለተባልሽ ሙሉውን ከፈልሽ። ከዚያ ጎማው «አልቋል፣ 26 ይሁንልሽ?» ሆነ፤ ካሴቱ ደግሞ ሐዋሳ ሲደርስ ባለ 8 ሆኖ ተገኘ። «ሌቦች ናቸው ወይስ እኔ ነኝ ያላወቅኩበት?» ብለሻል። ሌባ አይጠፋም፤ የአብዛኛው ጣጣ መነሻ ግን «አለ» የምትለዋ ቃል ናት።

አብዛኛው የቴሌግራም ሻጭ መጋዘን የለውም። ፎቶውን መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ አንስቶታል፣ ወይም ከሌላ ቻናል ወስዶታል። ስለዚህ «አለ» ሲልሽ «ሰሞኑን አይቼዋለሁ፣ ከከፈልሽ ሄጄ አመጣዋለሁ» እያለሽ ነው። አንድ ጥንድ ጎማ አራት ቻናል ላይ ተለጥፎ አራት ሰው ቢከፍልበት አንዱ ይወስዳል፣ ሦስቱ «አልቋል» ይባላሉ። የራሱ ሱቅና ዌብሳይት ያለውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ሱቅ ገብቶ በጥሬ ገንዘብ የገዛ ሰው የወሰደውን ዕቃ ማንም ከዌብሳይቱ አይቀንሰውም። በተለይ «1 ቀርቷል» የሚለውን ቁጥር አትመኚው። ያ አንዱ ለማሳያ የተሰቀለ፣ ካርቶኑ የተቀደደ፣ ወይም ከወር በፊት ተሸጦ ሳይሰረዝ የቀረ ሊሆን ይችላል። አምስት ስድስት የሚል ካየሽ ቢያንስ አንዱ ይገኛል ብለሽ ማሰብ ትችያለሽ።

ሌላም «አልቋል» አለ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አይረጋም። አንቺ በተስማማሽበትና እሱ ሱቁ ዘንድ በሄደበት ሰዓት መካከል ዋጋው ከጨመረ፣ «በዚያ ዋጋ አጣሁት» ከማለት «አልቋል» ማለት ይቀለዋል። «ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል?» የሚለውን ጥያቄ ከመጀመሪያው መልእክት አትለይው። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚሉትም ብዙ ጊዜ ለዚሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ ጠያቂ የየዕለቱን ዋጋ ለመንገር።

ቃላቱን ለይተሽ ስሚ። «ይኖራል» ካለሽ አላየውም። «አይጠፋም» ካለሽ እስካሁን አልፈለገውም። «አለ፣ ክፈዪና ልላክ» ካለሽ ገና ሊፈልገው ነው። ከሁሉ የምወደው መልስ «ቆዪ፣ ላጣራልሽ» የሚለው ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ «ሁለት አለ፣ አንዱ ግን ስፋቱ 2.25 ኢንች ነው» ብሎ የሚመለስ ሻጭ ካገኘሽ ስልኩን መዝግቢው፣ ሌላ ጊዜም ወደሱ ሂጂ። ስለዚህ ጥያቄሽ በ«አለ» ብቻ ሊመለስ የማይችል ይሁን። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦

«ጤና ይስጥልኝ። በጎኑ 54-622 የሚል የ29 ጎማ ሁለት እፈልጋለሁ። ዕቃው አሁን እጅዎ ላይ ነው ወይስ ከሌላ ሱቅ የሚመጣ? ስንት ፍሬ አለ? ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው በክብ ቪዲዮ ያሳዩኝ። ዋጋው እስከ መቼ ይጸናል? ወደ ሐዋሳ በምን ይልካሉ?»

ክብ ቪዲዮ ያልኩት በምክንያት ነው። ተራ ፎቶና ተራ ቪዲዮ ከጋለሪ ይላካል፣ የዓመት በፊትም ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ ክቡ ቪዲዮ በተለመደው መተግበሪያ የሚቀረጸው እዚያው በዚያው ሰዓት ነው። «ፎርዋርድ የተደረገ» የሚል ጽሑፍ ከላዩ ካለበት ግን የሌላ ሰው ወይም የቆየ ሊሆን ይችላል። ለማሳየት ሁለት ሰዓት ከጠየቀሽ አትቆጪ፤ ሱቁ ድረስ እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ቢያንስ አሁን ዕቃው የት እንዳለ አወቅሽ።

አሁን ወደ ልኩ። «29 አለ» ብቻውን ምንም አይነግርሽም። በእጅሽ ያለውን አሮጌ ጎማ አንሺና ጎኑን በጨርቅ ጥረጊው፤ ትልቁን የብራንድ ስም ተዪውና በትንሹ በላስቲኩ ላይ የወጣውን ቁጥር ፈልጊ። 54-622 ከሆነ 54ቱ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፣ 622ቱ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር ነው። የሁለተኛው ቁጥር ነገር ድርድር የለውም። የ27.5 ሳይክል 584 ነው፣ የ26 ማውንቴን 559። «26 ይሁንልሽ» ያለሽ ሰውዬ 63 ሚሊ የሚያንስ ጎማ ነው ያቀረበልሽ፤ በጉልበትም አይገባም። «26» ራሱም አንድ አይደለም፦ 26×1.95 የሚለው 559 ሲሆን 26×1 3/8 የሚለው 590 ነው። «28»ም እንደዚሁ፦ አንዳንዱ 622 ነው፣ የድሮዎቹ ረጃጅም ሳይክሎች 28×1 1/2 ደግሞ 635 ነው። አሥራ ሦስት ሚሊ በዓይን አትታይም፣ ጎማውን ለማስገባት ስትታገዪ ግን ትታይሻለች። በኢንች ሳይሆን በእነዚህ ቁጥሮች እዘዢ።

የመጀመሪያው ቁጥር ግን ትንሽ ይለዋወጣል። 54 ጠፍቶ 57 ቢገኝ፣ ጎማው ከፎርኩና ከፍሬሙ ጋር በየጎኑ አራት አምስት ሚሊ ክፍተት ከቀረለት ይሠራል። ክፍተቱን አሁን ባለው ጎማ ለኪውና ለሻጩ አስቀድመሽ «እስከ 57 እቀበላለሁ፣ ከዚያ በላይ አልፈልግም» በይው። ምትክ መቀበል ችግር የለውም፤ ችግሩ የምትክን ነገር ከከፈሉ በኋላ መነጋገር ነው።

ከመነዳሪ ላይ የሚሳሳቱት በቫልቩ ነው። ቀጭኑ የፈረንሳይ ቫልቭ ወደ 6.5 ሚሊ ቀዳዳ ይፈልጋል፣ የመኪና ዓይነቱ ወፍራም ወደ 8.5። ቀጭኑን በሰፊው ቀዳዳ በማጥበቢያ ላስቲክ መጠቀም ይቻላል፤ ወፍራሙን በጠባቡ ለማስገባት ቸርኬውን መብሳት ግን ቸርኬውን ማዳከም ነው፣ አታስቢው። የቫልቩንም ርዝመት ጠይቂ። ቸርኬሽ ከፍ ያለ ከሆነ አጭሩ ቫልቭ ብቅ ብሎ ፓምፕ አይዝም።

ካሴቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም «ባለ 8 ነው ግን ገባ እኮ» ብሎ የሚያጽናናሽ ጠጋኝ አይጠፋም። ይገባል። የተለመደው የኋላ ሀብ (የቸርኬው መሃል) ላይ ባለ 8ም ባለ 9ም ባለ 10ም ካሴት ይቀመጣል፤ ስለዚህ መግባቱ ምንም አያረጋግጥም። ልዩነቱ ጎን ለጎን በተደረደሩት ባለ ጥርስ ሳህኖች መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ሺማኖ በሚባለው አምራች ልክ ባለ 8 ላይ ከአንዱ ሳህን ወደ ቀጣዩ 4.8 ሚሊ ነው፣ ባለ 9 ላይ 4.35 ገደማ። ያንቺ ማርሽ መቀየሪያ ካቴናውን በየክሊኩ በ4.35 ልክ ነው የሚያንቀሳቅሰው። ሁለት ሦስት ማርሽ ላይ ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ስህተቱ እየተደመረ ይሄድና መሃል ላይ ይንጫጫል፣ አቀበት ላይ ፔዳል ስትረግጪ ይዘላል። ጠጋኙ ሽቦውን ቢያጠብቅም ቢያላላም አይስተካከልም። የባለ 8 ካቴናም ወፍራም ነው፣ ባለ 9 ላይ ከጎረቤቱ ጥርስ ጋር ይፋተጋል። ቀጭኑን ባለ 9 ካቴና በባለ 8 ካሴት መጠቀም ግን ይቻላል።

ከማዘዝሽ በፊት ያለሽ ነገር ካሴት ነው ወይስ ፍሪዊል የሚለውንም ለዪ፤ ሻጮች ሁለቱንም «የኋላ ማርሽ» ነው የሚሉት። የኋላውን ቸርኬ አውጥተሽ ጥርሱን በእጅሽ ወደ ኋላ አሽከርክሪ። መፍቻው የሚገባበት መሃሉ ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ መሃሉ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ሀብ ላይ እንደ ብሎን እየዞረ የሚጠብቅ ፍሪዊል ነው። አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በትዕዛዙ ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ካሴት መሆኑ፣ ባለ ስንት መሆኑ፣ የትንሹና የትልቁ ሳህን የጥርስ ብዛት፣ ለምሳሌ 11-34። ሻጩ ሳይቆጥር «ባለ 9 ነው» ካለ ከጎን ሆኖ ፎቶ ይላክልሽና ራስሽ ቁጠሪ።

ክፍያ ላይ ከሁሉ የሚጠቅምሽ «ቀብድ» የሚለው ቃል ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የራሱ አንቀጾች አሉት። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ቅድሚያ ላኪ» ወይም «ትንሽ ብር ላኪ» ሲልሽ አንቺ «500 ብር ቀብድ ልኬያለሁ፤ ቀሪውን መኪና ላይ ተጭኖ ታርጋውን ስትልክልኝ» ብለሽ ጻፊና «እሺ» እንዲልሽ ጠብቂ። ስለ 500 ብር ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም፣ ግን የሌለውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ያን ቃል ሲያይ ቆም ብሎ ያጣራል። ቴሌብር ላይ ከማረጋገጥሽ በፊት የተቀባዩ ስም ይወጣል፤ ከተነገረሽ ስም ወይም ከሱቁ ስም ጋር ካልገጠመ «ይሄ የማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱም በጽሑፍ ይሁን።

ቴሌግራም ላይ በሁለት ሰው ውይይት ውስጥ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተጣላ በኋላ ነው። እንደተስማማችሁ ወዲያው ስክሪንሾት አንሺ፤ የሻጩ ስም፣ የዕቃው ልክ፣ ዋጋው፣ ቀኑና የክፍያው ቁጥር ይታይ። የተጠቃሚ ስሙ ነገ ሊቀየር ስለሚችል ስልክ ቁጥሩን ለብቻው ያዢ።

አዲስ አበባ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለሽ ይህ ሁሉ ባይኖርም ያልፋል፤ ሱቁ ሄዶ ጎኑን አንብቦ ይክፈልልሽ። ከሌለሽ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጠዋት በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ የተላከ ዕቃ በዚያው ቀን ይደርሳል። ከሻጩ ታርጋውን፣ የረዳቱን ስልክ፣ የተነሳበትን ሰዓትና የታሸገውን ዕቃ ፎቶ ተቀበዪ። ዕቃው ላይ ስምሽና ስልክሽ በወፍራም እስክሪብቶ ይጻፍ። ሙሉ ቸርኬ ከሆነ የምታዢው፣ የአክስሉ ጫፍ ካርቶኑን በስቶ እንዳይወጣ በሁለቱም በኩል ወፍራም ካርቶን ይደረግለት፣ የዲስክ ፍሬን ሳህን ካለውም ተፈቶ ለብቻው ይታሸግ። ከሻንጣ ሥር ከገባ ሳህኑ ይጣመማል፤ የተጣመመ ሳህን ደግሞ «ስልከው ደህና ነበር» የሚባልበት ዕቃ ነው።

መናኸሪያ ስትቀበዪ እዚያው አትክፈቺው፣ ረዳቱም ይቸኩላል፣ ባጃጁም ይጠብቅሻል። ቤት ገብተሽ ጠረጴዛ ላይ አድርጊና መቀስ ከማንሳትሽ በፊት በስልክሽ ቪዲዮ መቅረጽ ጀምሪ። ቪዲዮው ካልተቆረጠው ቴፕ ጀምሮ፣ ስምሽን አሳይቶ፣ ሳይቋረጥ እስከ ጎማው ቁጥር ድረስ ይሂድ። ልኩ ካልሆነ አትግጠሚው፣ ወረቀቱንም አትላጪ። አንዴ ቸርኬ ላይ የወጣ ጎማ ወይም የተቆረጠ ካቴና «አገልግሏል» ይባላል፣ በዚህ ደግሞ ሻጩ እውነት አለው።

አቤቱታሽ አጭር ይሁን። ስድብና «እግዜር ይይልህ» ከገባበት ሰውዬው የሚመልሰው ለስድቡ ብቻ ነው። ያዘዝሽው፣ የመጣው፣ የምትፈልጊው፣ እስከ መቼ፣ የመመለሻውን ጭነት ማን ይከፍላል፤ እነዚህ አምስት ነገሮች በአንድ መልእክት። ካንገራገረ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አስታውሺው። ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛሽበት ስለሆነ «የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል» እየተባልሽ ሁለት ሳምንት አትለፊ። ለንግድ ቢሮ ለማመልከት ደረሰኝ ያስፈልግሻል፤ ስለዚህ ሻጭ ስትመርጪ «ደረሰኝ ትሰጣላችሁ?» የሚለውን ከዋጋው በፊት ጠይቂ። ደረሰኝ የሚሰጠው ትንሽ ቢወደድም እኔ እሱን ነው የምመርጠው።

ያንቺን ጉዳይ በተመለከተ፣ ካሴቱን ካልገጠምሽው ዛሬውኑ ይህን ላኪ፦ «ያዘዝኩት ባለ 9፣ 11-34 ካሴት ነው። የደረሰኝ ባለ 8 ነው፣ የተቆጠረበት ፎቶ ተያይዟል። ጎማውን ደግሞ 26 አልቀበልም፣ የእኔ 622 ነው። የጎማው ገንዘብ እስከ ዓርብ ይመለስልኝ። ካሴቱን ነገ በመኪና እመልሳለሁ፣ የመመለሻው ጭነት በእናንተ ነው፤ ባለ 9ኙ እጃችሁ ላይ ካለ በክብ ቪዲዮ አሳዩኝና ላኩ፣ ከሌለ የእሱም ገንዘብ ይመለስ።» ከመነዳሪዎቹ ላይ የጻፍሽው ነገር የለም፤ ቫልቫቸውን እዪና እዚሁ ንገሪን፣ ወፍራሙ ሆኖ የቸርኬሽ ቀዳዳ ጠባቡ ከሆነ እሱንም በዚሁ መልእክት ጨምሪው።