11 ጊጋ ፒዲኤፍ ይዘሽ "ከየቱ ልጀምር" ላልሽኝ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ደህና ነሽ? ጥያቄሽን ለሌላውም አንባቢ ባጭሩ ልድገመው። ደሴ ነው ያለሽው፣ ሃርድዌር ኤንድ ኔትወርክ ሰርቪሲንግ ደረጃ 4 ጨርሰሽ ሲኦሲውንም አልፈሻል፣ ጀማሪ ሲስተም አድሚን ሆነሽ መቀጠር ትፈልጊያለሽ፣ የሥራ ማስታወቂያው ሁሉ "የሰርቨር ሴኩሪቲ እውቀት" ሲል እያየሽ ከቴሌግራም 11 ጊጋ የሚሆን መጽሐፍ አውርደሻል፣ እና "ጋሼ ከየቱ ልጀምር፣ ሁሉንም ለመጨረስስ ስንት ወር ይፈጅብኛል" ነው ያልሽኝ።

አትጨርሺውም፣ መጨረስም የለብሽም። እኔም አልጨረስኩም፣ የጨረሰ አድሚንም አላጋጠመኝም። እነዚህ ማጣቀሻ ናቸው እኮ፣ አንድ ነገር እየሰራሽ ስትጠራጠሪ ገልጠሽ አይተሽ መልሰሽ የምትዘጊያቸው። መጽሐፍ ሰብስቦ ማስቀመጥ ደግሞ ያነበቡ ያህል ደስ ይላል፣ እሱ ነው ሰውን የሚሸውደው።

መጀመሪያ ግማሹን አጥፊ። እንዴት ልለይ ካልሽ፣ ክፈቺና የታተመበትን ዓመት እዪ (እዚህ የምጽፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው፣ ከአዋጁ በቀር)፣ ከዛ ውስጡ ፈልጊ። ምሳሌዎቹ ሁሉ ሴንትኦኤስ (አንድ የሊኑክስ ዓይነት ነው) 6 ወይም 7 ላይ ከሆኑ፣ 7 ራሱ ድጋፉ ሰኔ 2024 መጨረሻ ላይ ቆሟል። ቲኤልኤስ (በኔት የሚሄደውን መረጃ የሚያመሰጥረው) 1.0 ክፈቱ የሚልሽ ከሆነ እሱ በ2021 በይፋ ጡረታ ወጥቷል። ተጠቃሚውን ሁሉ በየ90 ቀኑ ፓስወርድ አስቀይሩ የሚልም አለ፣ የአሜሪካው የስታንዳርድ ተቋም ኒስት ግን ፓስወርዱ ለመሰረቁ ምልክት ከሌለ እንዲሁ በየጊዜው አታስቀይሩ ያለው በ2017 ነው (መስሪያ ቤቶች ውስጥ ኦዲተር መጥቶ አሁንም 90 ቀን ሊልሽ ይችላል፣ እዛ ጋ አትከራከሪ፣ ሁለቱንም እወቂው ብቻ)። ያረጀ ሁሉ ይጣላል ማለቴ ግን አይደለም፣ ስለ ፋይል ፐርሚሽን፣ ስለ ዩዘርና ግሩፕ፣ ስለ ባክአፕ የሚያወሩት ምዕራፎች የ20 ዓመት መጽሐፍ ላይም ቢሆኑ ብዙው ነገራቸው ዛሬም ይሰራል።

አንድ ወፍራም መጽሐፍ ብቻ አስቀሪ ካልሽኝ የነኤቪ ኔሜትን ዩኒክስ ኤንድ ሊኑክስ ሲስተም አድሚኒስትሬሽን ሃንድቡክ አስቀሪ፣ አምስተኛ እትሙ የ2017 ነው፣ ከዛ ያነሰ እትም ካለሽ ይሰረዝ። እሱንም ቢሆን ስለ አክሰስ ኮንትሮል፣ ስለ ሎግና ስለ ሴኩሪቲ ያሉትን ምዕራፎች ነው የምታነቢው፣ ሌላው ሲያስፈልግ። ከሱ ጎን ሲአይኤስ ቤንችማርክ የሚባለውን የሰርቨር ሴኩሪቲ መመሪያ አውርጂ፣ ኢሜይልሽን ሰጥተሽ በነጻ ነው የምታገኚው፣ ለኡቡንቱም ለዴቢያንም ለሬድሃትም ለየብቻ አለው። ገጹ ብዙ ነው፣ አትደንግጪ፣ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አይነት አሰራር ነው ያለው፣ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሆነ፣ ከዛ "ኦዲት" ብሎ አሁን በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የምታዪበትን ትእዛዝ፣ ከዛ ማስተካከያውን። ሰው ሁሉ ዘሎ ማስተካከያው ጋ ይሄዳል፣ አንቺ ኦዲቱን አስቀድሚ። ሌቭል 1 የተባሉትን ብቻ ያዢ ለጊዜው፣ ሌቭል 2 ላይ ያሉት አንዳንዶቹ የሰርቨሩን ሥራ ሊያስቆሙ ይችላሉ።

ለምን ኦዲት ላይ እንደማደርቅሽ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። የሴኩሪቲ መጽሐፍ የተባለ ሁሉ ኤስኤስኤች (ሰርቨር ውስጥ ከሩቅ የሚገባበት መንገድ) ላይ በፓስወርድ መግባትን ዝጉ፣ በኪ (በቁልፍ ፋይል) ብቻ ይገባ ይላል። ልክ ነው። መጽሐፉ እንዳለሽ ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ የሚለውን ፋይል ከፍተሽ "ፓስወርድ ኦተንቲኬሽን" የሚለውን ኖ አደረግሽው፣ ሰርቪሱን ሪስታርት አልሽው፣ አለቀ ብለሽ ቡናሽን አፈላሽ። ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ከሆነ ግን አሁንም በፓስወርድ የሚገባ ሊኖር ይችላል። ፋይሉ መጀመሪያ አካባቢ "ኢንክሉድ" የሚል መስመር አለ፣ እሱ ኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ ዶት ዲ የሚባል ፎልደር ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ፋይሎች ቀድሞ ያስነብባል፣ እዛ ውስጥ ደግሞ ክላውድ ኢኒት (ሰርቨሩ መጀመሪያ ሲነሳ የሚያዘጋጀው ፕሮግራም) የጻፈው በ50 የሚጀምር ፋይል የስ ብሎ ተቀምጦ ታገኚዋለሽ፣ ኤስኤስኤች ደግሞ የመጨረሻውን ሳይሆን መጀመሪያ ያገኘውን ነው የሚይዘው። ያንቺ ኖ ዘግይቶ ደረሰ ማለት ነው። ይሄ ማን ፔጁ (ማሽኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው መመሪያ) ላይ በግልጽ ተጽፏል፣ ብዙ መጽሐፍ ላይ ግን የለም፣ ምክንያቱም ሲጻፉ ያ ፎልደር አልነበረም። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ኤስኤስኤችዲን በሱዶ፣ ሰረዝ እና ትልቁን ቲ ጨምረሽ ስታስነሺው (በኛ ፊደል ሲጻፍ ያስቃል) ፋይሎቹን ሁሉ አንብቦ የደረሰበትን ሴቲንግ ይዘረዝርልሻል፣ ከዛ ከሌላ ማሽን ኪ ሳትጠቀሚ ለመግባት ሞክሪ፣ ፐርሚሽን ዲናይድ ሲልሽ ያኔ ቡናውን። ይሄን ሁሉ ስታደርጊ የገባሽበትን የመጀመሪያውን ተርሚናል እንዳትዘጊው!

እሱን የምልሽ በትራንስፖርት ወጪ ተምሬው ነው። ድሮ ተቀጥሬበት የነበረ አንድ መስሪያ ቤት አዳማ ቅርንጫፍ ያለ ሰርቨር ላይ ፋየርዎል ላስተካክል አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን ገልጬ መስመር በመስመር እየጻፍኩ ነበር። የመጀመሪያው መስመር የአይፒቴብልስ (የሊኑክስ ፋየርዎል) ኢንፑት ፖሊሲን ድሮፕ አድርግ ይላል፣ የሚገባውን ሁሉ ጣል ማለት ነው፣ ኢንተር አልኩ፣ ስክሪኑ ደረቀ። ፖርት 22ን (ኤስኤስኤች የሚገባበትን) የሚከፍተው መስመር አራት መስመር ዝቅ ብሎ ነበር። መጽሐፉ አልተሳሳተም፣ እንደ ስክሪፕት ባንዴ እንዲሄድ ነው የተጻፈው፣ ኮንሶሉ (ማሽኑ ራሱ) ጋ ሆናችሁ ስሩት የሚል ማስጠንቀቂያም እዛው ገጽ ላይ በሳጥን ተከቦ ነበረ፣ እኔ በሳጥን ያለ ነገር አላነብም ነበር። በነጋታው በሚኒባስ አዳማ፣ አለቃዬም ሳምንቱን ሙሉ አልሳቀልኝም።

ስለዚህ ሰርቨር የለኝም አትበዪኝ፣ ላፕቶፕሽ 8 ጊጋ ራም ካለው ቨርቹዋል ቦክስ ጭነሽ ሁለት ትንንሽ ማሽን ይበቃሻል፣ አንዱ ኡቡንቱ ሰርቨር ሌላው ዴቢያን ይሁን፣ ካርድ የሚጠይቅ ክላውድ ምን ያደርግልሻል። ሁለት የተለያዩ ያልኩሽ በምክንያት ነው፣ መጽሐፉ ኦዝ ሎግን (ማን እንደገባ የሚመዘገብበትን ፋይል) ክፈቱ ይላል፣ ዴቢያን 12 ላይ ፋይሉን ስትፈልጊ የለም፣ ያን ፋይል የሚጽፈው አርሲስሎግ አብሮ መጫኑ ስለቀረ በጆርናልሲቲኤል ትእዛዝ ነው የምታዪው፣ እንዲህ አይነቱን ነገር ራስሽ ስታገኚው አይረሳሽም። ኔትም ሲቋረጥ ማን ፔጁ ማሽኑ ውስጥ ስላለ ሥራሽ አይቆምም። ከመንካትሽ በፊት ስናፕሾት (የማሽኑን የዛን ጊዜ ሁኔታ ቅጂ) ያዢ፣ ስታበላሺው ትመልሺዋለሽ፣ ማበላሸትሽ ደግሞ አይቀርም።

እና ደብተር ግዢ፣ የእውነት ደብተር። ለእያንዳንዱ ነገር መጽሐፉ ምን አለ፣ እኔ ምን አደረግኩ፣ መስራቱን በምን አየሁ፣ ብመልሰው እንዴት እመልሰዋለሁ ብለሽ ጻፊበት። ኢንተርቪው ላይ ከሚቀመጡት ጋር ብዙ ጊዜ አውርቻለሁ፣ ምን አንብበሻል ብሎ የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። "አዲስ ሰርቨር ሰጠንሽ፣ የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ምን ታደርጊያለሽ" ነው የሚሉሽ፣ አፕዴት ማድረግ፣ የራስን ዩዘር መክፈት፣ ሩት (ሁሉን ማድረግ የሚችለው ዩዘር) በቀጥታ እንዳይገባ መዝጋት፣ የትኞቹ ፖርቶች እንደተከፈቱ ማየት፣ ፋየርዎል፣ ሰዓቱን ማስተካከል፣ ባክአፕ፣ ይሄን ያጠና ሁሉ ይደረድረዋል። ቀጥሎ "መዘጋቱን በምን አወቅሽ" ሲመጣ ነው ብዙው የሚንተባተበው፣ አንቺ ደብተርሽ ላይ ያለውን ትነግሪያቸዋለሽ።

ስለ ሰርተፍኬት ለጠየቅሽው፣ አርኤችሲኤስኤ (የሬድሃት የሲስተም አድሚን ሰርተፍኬት) ጥሩ ነው ግን በዶላር ስለሆነ ቀጣሪሽ ይክፈልልሽ፣ አሁን ከኪስሽ አታውጪ። ፈተናው ማሽን ላይ የሚሰራ ነው፣ ኢንተርኔት የለም፣ ማን ፔጅ ግን ይፈቀዳል፣ ስለዚህ ከአሁኑ ማን ፔጅ ማንበብ መልመዱ ለሁለቱም ይሆንሻል።

የሃኪንግ መጽሐፎቹን በተመለከተ፣ ብታነቢያቸው ክፋት የለውም፣ ነገር ግን በራስሽ ሁለት ማሽኖች ላይ ብቻ። "ትንሽ ልሞክረው" ብለሽ የሰው ወይም የመስሪያ ቤት ሰርቨር ውስጥ እንዳትገቢ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ መግባትን ራሱን በወንጀል ነው የሚያየው፣ ምንም ባትነኪም። ሲቪሽ ላይ ያለውን "ኤክስፐርት ሃከር" የሚለውንም መስመር አጥፊልኝ በናትሽ።

መጽሐፍ የማይሰጥሽ አንድ ነገር የሰሞኑን ወሬ ነው። መጋቢት 2024 ላይ ኤክስዚ የሚባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተደበቀ የኋላ በር የተገኘው፣ አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ኢንጂነር በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ዘገየብኝ ብሎ ለምን እንደሆነ ስለቆፈረ ነው። ለዚህ ኡቡንቱና ዴቢያን የሚያወጡትን የሴኩሪቲ ማስታወቂያ በኢሜይል ተመዝገቢ፣ ጠዋት ጠዋት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል።

ኮፒ ቤት ሄጄ ላሳትመው ወይ ላልሽው፣ 1200 ምናምን ገጽ አሳትመሽ ብርሽን አትጨርሺ፣ ከሲአይኤሱ የኤስኤስኤችና የፋየርዎል ክፍሎቹን ብቻ አሳትሚና ደብተርሽ ውስጥ አጣብቂያቸው። አስር ገጽ ስትሞዪ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አየዋለሁ። ፓስወርድ የጻፍሽበት ገጽ ካለ ግን መጀመሪያ እሱን ቀደሽ ጣይ።