ድዴ ሲደማ መፋቅ ላቁም?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ኮምቦልቻ ባጃጅ እነዳለሁ። ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው፣ ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ምራቄ ቀይ ሆኖ ይወጣል። እናቴ «ብሩሹ ነው የሚያደማህ» ብላኝ ተውኩት። አሞክሲሲሊን ገዝቼ ሦስት ቀን ዋጥኩ፤ ሻል አለኝና ተመለሰብኝ። በቀኝ በኩል ደግሞ ድዴ የሸሸ ይመስለኛል። በርጫ አለኝ፣ አልዋሽም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ስላልዋሸኸኝ አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። እናትህ አዝነውልህ ነው፣ ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ድድ በአብዛኛው የሚደማው ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቆሻሻ ስለሚጋገር ነው፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ድዱን ያስቆጡታል፣ ያብጣል፣ ሲነካ ይደማል። መቦረሽ ስታቆም ድግስ ደገስክላቸው ማለት ነው።

ቆሻሻው ሲሰነብት ድንጋይ ይሆናል። ያኔ ብሩሽም መፋቂያም አያነሳውም፣ ጥርስ ማሳጠብ ብቻ ነው መፍትሔው። ክኒኑም ያልያዘልህ ለዚህ ነው፤ ክኒን ድንጋይ አይፍቅም። በዚያ ላይ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሦስት ቀን ውጦ መተው ባክቴሪያውን መድኃኒት ማስለመድ ነው።

እስቲ ልገምት፣ ጫቱን የምትይዘው በቀኝ ጉንጭህ ነው አይደል? ቅጠሉ ለሰዓታት እዚያው ድዱ ላይ ተለጥፎ ይውላል፣ ከላዩ ለስላሳው ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ይወርድበታል። ድዱ ብቻ ከተቆጣ ይድናል። ጥርሱን የያዘው አጥንት ከተበላ ግን በራሱ አይመለስም፣ እንዳይብስ ነው የምንታገለው። የምታጨስ ከሆነም ንገረኝ፤ ሲጋራ የድዱን መድማት ስለሚቀንስ ድድህ ደህና መስሎ ይሸውድሃል። ስኳርህንም ተለካ፣ የስኳር በሽታና የድድ በሽታ አንዱ ሌላውን ያባብሳል።

ከዛሬ ማታ ጀምር። ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና፣ በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ። ብሩሹን ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርገህ ቀስ እያልክ፣ ጣውላ እንደሚፍቅ ሰው አይደለም። የወይራ መፋቂያህንም አትጣለው፤ ጫፉን አኝከህ አለስልሰው፣ ግን በጥርስ መሀል አይገባምና ለዚያ የጥርስ ክር ያስፈልግሃል። በስንጥር አትጎርጉር! ለብ ባለ ውኃ ጨው አድርገህ መጉመጥመጥ ያስታግሳል፣ አያድንም።

ድድህ ሸሽቷል ካልክ ግን ቤት ውስጥ አትጠብቅ። ኮምቦልቻ ካልተሳካልህ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ። ፊትህ ካበጠ፣ ካተኮሰህ፣ አፍህን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተህ ደግሞ ባጃጁን ለጓደኛህ ስጥና በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ግባ፣ ሌሊትም ቢሆን።