«ስክሪን ላይ የሚፈጠር ነገር ቀርቷል?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅና ለእኩዮቹ

በቀደም አንድ ሞባይል የሚጠግን ወጣት የተሰበረ ስክሪን ሲቀይር አጠገቡ ቆሜ አያለሁ። ቀና ብሎ «ጋሼ፣ እኔ የምለው፣ ስክሪን ላይ ገና የሚፈጠር ነገር ቀርቷል እንዴ? ቻይኖቹ ጨርሰውት የለ?» አለኝ። «ሞልቷል» ብዬው ሄድኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጥያቄው አንድ ሰው አስታወሰኝ። ስለዚህ ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። በርቱ፣ ሰዓት አክብሩ፣ እንግሊዝኛ ተማሩ እያልኩ ግን አላደክማችሁም፤ እሱን ከእናቶቻችሁ ጠግባችሁ ሰምታችኋል።

ሰውየውና እኔ የተገናኘነው መርካቶ ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ቤት ተቀጥረን ስንሠራ ነው። ሁለታችንም ያደግነው በባለ ቱቦው ቴሌቪዥን ነው። እናንተ አልደረሳችሁበትም። ከቱቦው ጀርባ ያለችውን የጎማ ቆብ ቻርጁን ሳያራግፍ የነካ ሰው ወዮለት፤ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ነው፣ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ይዞት ይቆያል። እኔን አንዴ ቦሌ አካባቢ ሰው ቤት ስጠግን ከሶፋው ጋር አላትሞኛል። የቤቱ እመቤት ደግ ሴት ነበሩ፤ ጠበል ካልረጨሁህ ብለው ግብግብ ገጠሙኝ። ሥራውን ጨርሼ ስወጣ ሂሳቡንም ጨመሩልኝ፣ ነፍሳቸውን ይማር።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የደቡብ አፍሪካው የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሰሞን፣ በ2002 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሆቴሉም ካፌውም ፍላት ቴሌቪዥን መግዛት ጀምሮ ነበር። ካዛንቺስ ካፌ የነበረው ሰውዬ ባለ 42 ኢንች ኤልሲዲ ይዞ መጣ። ምስሉ መሐል ላይ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ጥቁር መስመር አለ፤ ጣት የሚያህል። ያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ብልሽት የጥገና ቤቱ መልስ አንድ ነበር፦ «ፓነሉ ሞቷል።» ፓነል ምስሉ የሚታይበት መስታወት ነው፤ ሞተ ማለት ዋጋው ከአዲሱ ቴሌቪዥን ስለማይተናነስ ይጣላል ማለት ነው። ቦርዶቹ ለመለዋወጫ ይፈታሉ፣ የቀረው ምናለሽ ተራ ይሄዳል።

ጓደኛዬ ግን ፍሬሙን ፈታና ቴሌቪዥኑ እየሠራ የመስታወቱን ጠርዝ በጣቱ ጫፍ እየተጫነ ከግራ ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርስ መስመሩ ጠፋ። ጣቱን አነሣ፣ መስመሩ ተመለሰ። ተጫነ፣ ጠፋ። ደጋግሞ ካየ በኋላ «ይሄ አልሞተም፤ ተላቆ ነው» አለ። የካፌው ባለቤት እንኳ ትንፋሹን ውጦ ያይ ነበር።

ምን እንደተላቀቀ ላስረዳችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ሪበኑን፣ ያንን ጠፍጣፋ ስስ ገመድ፣ ታወጣላችሁ ታስገባላችሁ እንጂ እዚያ ጠርዝ ላይ ምን እንዳለ አይታችሁ አታውቁም። በመስታወቱ ዳር ብየዳ የለም። መስታወት ላይ መበየድ አይቻልማ። ቺፑን የተሸከመው ስስ ሪበን ከመስታወቱ ጋር የሚያያዘው በሙጫ ነው፤ ሙጫው ውስጥ ብረት የተቀቡ፣ በዓይን የማይታዩ ድቡልቡል ኳሶች ተበትነዋል። ወደ 180 ዲግሪ ግድም በሚደርስ ሙቀት ለጥቂት ሰከንዶች ሲጫኑት ኳሶቹ በላይኛውና በታችኛው መስመር መካከል ይጨፈለቁና መብራቱን ከላይ ወደ ታች ብቻ ያሳልፋሉ፤ ወደ ጎን አያሳልፉም። በጎን የተደረደሩት መስመሮች እጅግ ቢቀራረቡም ሾርት የማያደርጉት ለዚህ ነው። ይህቺን ሙጫ ያሰበ ሰው፣ በእኔ ፍርድ፣ ምስሉን ካሰበው አያንስም። ታዲያ ቴሌቪዥኑ ዓመት ከዓመት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ሙጫው ያረጃል፣ ኳሶቹ ይለቃሉ፣ መስመር ይመጣል።

ጓደኛዬ በመጀመሪያ ከካላማዳሪ ቀጭን ቁራጭ ቆረጠና በሪበኑና በፍሬሙ መካከል ሸጎጠ። ፍሬሙ ሲጠብቅ ካላማዳሪው ይጫናል፤ መስመሩ ጠፋ። የካዛንቺሱ ሰው የዓለም ዋንጫውን በዚያው ቴሌቪዥን አሳየበት። ችግሩ ጎማው በሙቀት እየለሰለሰ ከጥቂት ወራት በኋላ መስመሩ መመለሱ ነው። ሌላው ሰው ቢሆን «ዋስትና የለኝም» ብሎ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ከአሮጌ የልብስ ካውያ ማሞቂያውን አወጣ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ የነሐስ ዘንግ አስሳለ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ ቀጥ ያለ፣ ከሪበኑ ስፋት ትንሽ የሚረዝም። ቀጥ ማለቱን የሚፈትነው ዘንጉን በመስታወት ላይ አቁሞ ከኋላ ባትሪ እያበራ ነበር፤ ብርሃን ሾልኮ ካለፈ ተመልሶ ቶርኖ ቤት። ባለ ቶርኖው ተማርሮ «አንተ ሰውዬ የምትሠራው ሰዓት ነው ወይ?» ይለው ነበር። በስተመጨረሻ ዘንጉን በመሸጫ ሚዛን ላይ እየተጫነ ስንት ኪሎ ግፊት እንደሚበቃ ለየ። ከተጣሉ ፓነሎች ላይ የላቀቀውን ሪበን መልሶ ሲያጣብቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ሁሌ አይሳካለትም፤ ሲሳካለት ግን ከአዲስ አይለይም።

አንድ አስመጪ ዘንድ ይዞት ሄደ። ሰውየው አዳመጠውና «እኛ የምናተርፈው ከሽያጭ ነው፤ የድሮውን እያስጠገንክ አዲሱን ማን ይግዛኝ?» አለው። ከንግድ አንጻር አልተሳሳተም፣ እሱንም አልፈርድበትም። ማታ ማታ ሻይ እየጠጣን «እንጻፈው፣ ሥዕሉን አውጥተን አስመዝግበን እናስቀምጠው» እንባባል ነበር፤ ከርሞ ከርሞ ሳይጻፍ ቀረ። ጓደኛዬ ወደ ሻርጃ ሄደ። ከዚያ ደውሎ «ያቺ ነገር እዚህ በየጥገና ቤቱ አለች፣ ማይክሮስኮፕ ሁሉ ተገጥሞላታል፣ ከቻይና ነው የምትመጣው» አለኝና ሳቀ። እውነት ለመናገር የቻይናዋ ማሽን ከእሱ በፊት ሳትኖር አትቀርም፤ ፋብሪካዎቹ በዚህ ዘዴ ሲሠሩ ኖረዋል። የሚቆጨኝ ቀዳሚነቱ አይደለም። ግፊቱን፣ ሙቀቱን፣ ሰከንዱን በጭንቅላቱ ይዞት ሄደ። አሁን የመኪና ዕቃ ይነግዳል። እዚህ ደግሞ እሱ ከሄደ በኋላ ስንት ደህና ፓነል ምናለሽ ተራ እንደገባ እግዜር ይቁጠረው።

በኋላ ላይ የዚህን ዕቃ ታሪክ ሳነብ የሚያስቀኝም የሚያበሽቀኝም ነገር አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1968 ጆርጅ ሃይልማየርና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የፈሳሽ ክሪስታል ማሳያ፣ ኤልሲዲ የምንለውን፣ አሜሪካ ኒው ዮርክ ውስጥ ለጋዜጠኞች ሲያሳዩ አሠሪያቸው አርሲኤ የቱቦ ቴሌቪዥን ጌታ ነበር፤ ነገሩን ወደ ገበያ አልገፋበትም። እዚያው አርሲኤ ይሠራ የነበረው ቮልፍጋንግ ሄልፍሪች የተሻለ ዘዴ አስቦ ሰሚ ሲያጣ ወደ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ሄደ። ከማርቲን ሻድት ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 4 ቀን 1970 የፓተንት፣ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ማለት ነው፣ ማመልከቻ አስገባ። ኦሃዮ ውስጥ ጄምስ ፈርጋሰን የሚባል ሰው በዚያው ሐሳብ ላይ ሲሠራ ነበር፤ የእሱ ማመልከቻ የገባው በሚያዝያ 1971 ነው። አራት ወር ተኩል ቢሆን ነው ልዩነቱ። ለዓመታት አወዛግቧል። ፒትስበርግ ውስጥ ደግሞ ፒተር ብሮዲ ለእያንዳንዷ ነጥብ የራሷን ትራንዚስተር ሰጥቶ 6 ኢንች በ6 ኢንች የሆነ፣ 120 በ120 ነጥብ ያለው ማሳያ ሠራ። ዛሬ እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ የዚያ ዘር ነው። አሠሪው ዌስቲንግሀውስ እ.ኤ.አ. በ1979 ፕሮጀክቱን ዘጋበት። የእኛ አስመጪ ብቻውን አይደለም ማለት ነው።

ያ ልጅ «ፈጠራ» ሲል በዓይነ ኅሊናው የሚታየው እንዲህ ያለው ትልቁ ሐሳብ ይመስለኛል። እኔ ግን ልቤን የሚነካው ከዚያ ወዲህ ያለው የአሠራር ብልሃት ነው። ፓነሉ ሁለት መስታወት ነው፣ መሐላቸው ፈሳሹ ክሪስታል አለ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 5 ማይክሮሜትር ነው፤ የፀጉር ውፍረት አሥር እጥፍ ይበልጠዋል። ድሮ ክፍተቱን እኩል የሚያደርጉት ጥቃቅን ኳሶችን በመስታወቱ ላይ በመበተን ነበር። ኳሷ ምስሉ መሐል ካረፈች ብርሃን ታሾልካለች፤ ስለዚህ በኋላ ነጥቦቹን በሚለየው ጥቁር ድንበር ላይ ብቻ የሚቆሙ ምሰሶዎችን በብርሃን ኅትመት መትከል ተጀመረ። ፈሳሹን መሙላትም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ መስታወቶቹን ያጣብቁና አየሩን መጥጠው በአንዲት ቀዳዳ ፈሳሹ እንዲሳብ ይጠብቃሉ። ማርን በመርፌ ቀዳዳ እንደመሙላት ነው፤ ለትልቅ ፓነል ከቀን በላይ ይፈጅ ነበር። ኋላ አንድ ሰው ነገሩን ገለበጠው፦ መጀመሪያ ፈሳሹን በአንደኛው መስታወት ላይ በጠብታ ጠብታ ማስቀመጥ፣ ከዚያ ሌላውን በቫኪዩም ውስጥ መክደን፣ ዳሩን በአልትራቫዮሌት ብርሃን ማድረቅ። ቅደም ተከተል መቀየር ብቻ! ትልልቁ ቴሌቪዥን ከባለ ሀብት ሳሎን ወጥቶ እኛ ቤት የገባው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው።

መስታወቱም የራሱ ታሪክ አለው። የአሜሪካው መስታወት ሠሪ ኩባንያ ኮርኒንግ የቀለጠ መስታወት ከገንዳ ሞልቶ በሁለቱም ጎን እንዲፈስና ከሥር ተመልሶ እንዲገናኝ የሚያደርግ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለመኪና መስታወት ብሎ ሠራ። ገበያ አላገኘም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ለፍላት ስክሪን የተፈለገው፤ ፊቱ ከአየር በቀር ምንም ስለማይነካው ማለስለሻ አያሻውም።

አሁን ትንሽ ልውቀሳችሁ። የዛሬ ልጆች ቴስተር ሳታነሡ ቦርድ ትቀይራላችሁ። ካልሠራ ሌላ ትቀይራላችሁ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰውዬ ያደረገውን ታደርጋላችሁ እንጂ ለምን እንዳደረገው አትጠይቁም። ትዕግሥት ብሎ ነገር ጠፍቷል። ይህን ስል ደግሞ የመስታወቱን ነገር በደንብ የገባኝ የልጅ ልጄ በስልኳ ከፍታ ያሳየችኝን ቪዲዮ አይቼ መሆኑን ልደብቃችሁ አልችልም። ያ የሞባይል ልጅም ያንን ክር የሚያህል ሪበን እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሲያስገባው ቀንቻለሁ፤ ጓደኛዬ ቢያየው ከእጁ ነጥቆ ወደ ነሐስ ዘንጉ ይወስደው ነበር።

እንግዲህ የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ የሞከራችሁትን በቀኑ ጻፉ። ስንት ዲግሪ፣ ስንት ሰከንድ፣ የት ላይ ከሸፈ። በእጅ የተሣለ ሥዕል ይኑረው። አገራችን ለዚህ ሕግ አላት፤ የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ይባላል። ፓተንቱ 15 ዓመት ነው፣ ሊራዘምም ይችላል። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ግን የሚቀርበው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው፤ ለ5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል፤ አዲስነቱም የሚለካው በአገር ውስጥ ነው። የካላማዳሪዋ ሽብልቅ እንኳ በዚህ በር ትገባ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰርተፊኬት ያበላል ወይ? ላያበላ ይችላል። አንዳንዴ ሳስበው ደብተሩ ብቻ ይበቃል እላለሁ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ያለ ማኅተም ማን ይሰማችኋል እላለሁ። በዚህ ላይ ራሴም አልቆረጥኩም።

ምን እንሥራ ካላችሁ፣ ሰሞኑን በብዛት የሚመጣውን ብልሽት እዩ፦ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። በጨለማ የእጅ ባትሪ በጎን ስታበሩበት ምስሉ ደብዝዞ ይታያል፤ ፓነሉ ደህና ነው፣ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው። ኤልኢዲዎቹ፣ ጥቃቅኖቹ የጀርባ መብራቶች፣ ተከታትለው ስለተያያዙ አንዷ ስትቃጠል ሁሉም ይጠፋሉ። ሌላው ደግሞ ምስሉ ላይ ነጫጭ ክብ ነጥቦች የሚያወጣው ነው፤ ብርሃኑን እንድትበትን በእያንዳንዷ መብራት ላይ የተለጠፈችው ሌንስ ሙጫዋ ደርቆ ወድቃለች። ሱፐር ግሉ አድርገን እንመልሳታለን፣ አንዳንዴ ያጨልማታል፣ አንዳንዴ እንደገና ትወድቃለች። ሙቀት የሚችል፣ የማይደበዝዝ፣ እዚህ ገበያ ላይ የሚገኝ ማጣበቂያና ሌንሷን ልክ መሐል ላይ የሚያስቀምጥ ቀላል መያዣ ያስፈልጋል። የሚሞክር ካለ አስቀድሞ መለካት ያለበት ቮልቴጁን ሳይሆን መብራቶቹ የተሰኩበት ዘንግ ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ ነው፤ የጀርባ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ቴሌቪዥኑም እንደ ሰው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ።