መልስ፦ የውሃው ስብሰባ «ለግል ይሰጥ፣ አይሰጥ» ላይ ለተጣበቀባችሁ

«የውሃ አገልግሎቱ ለግል ኩባንያ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?» የሚለውን ከአጀንዳው አውጡት። ስብሰባውን የሚበትንባችሁ እሱ ነው። ሥራውን ከፋፍላችሁ ተወያዩ፦ ቦኖ ማስተዳደር፣ ቆጣሪ ማንበብ፣ የፈነዳ ቧንቧ መጠገን፣ ታሪፍ መወሰን። ቦኖን ለማኅበር ማከራየት አንድ ነገር ነው፤ የታሪፍ ሥልጣንን አሳልፎ መስጠት ግን ፈጽሞ ሌላ።

በቦሊቪያዋ ኮቻባምባ ውሃው ለግል ኩባንያ ሲሰጥ ታሪፉ ናረ፣ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2000 ውሉ ፈረሰ። እናንተም ዋጋ በማን ፊርማ እንደሚጨምር ከውሉ በፊት በጽሑፍ አስቀምጡ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ስብሰባውን ጠዋት አትጥሩ። እኔ እንዳየሁት፣ በዚያ ሰዓት እናቶች ጄሪካን ደርድረው ቦኖ ላይ ተሰልፈዋል። አዳራሹን የሚሞላው ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ አንድ ጄሪካን ስንት እንደሚሸጥ እንኳ አያውቅም።