ሱቃችን የጣሊያን ነው ወይስ የጃንሆይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙ በማይርቅ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሥር የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ተከራይቻለሁ። የታችኛው ግድግዳ ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ፎቁ ብሎኬት። ፊት ለፊት በረንዳ አለው፤ ደረጃው በጓሮ በኩል ነው። አባቴ “የጣሊያን ቤት ነው” ይላል። ጎረቤቴ ደግሞ “በጃንሆይ ጊዜ ነው የተሠራው” ባይ ነው። ማን ልክ ነው? በረንዳውንስ በመስታወት ብዘጋው ምን ይመስልዎታል?

መልስ፦ ልጄ፣ እዚህ ከተማ ያረጀ ቤት ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል። ጣሊያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው። ይሄን ሁሉ ከሠራማ እንቅልፍ አልነበረውም ማለት ነው! ባቡሩም ቀድሞታል። ሐዲዱ በ1909 አዲስ አበባ ሲገባ በእኛ በኩል አልፎ ነው። ቆርቆሮውም ነጋዴውም አብሮ መጣ። ስለዚህ ድንጋይ ስላየህ ብቻ ጣሊያን አትበል።

የፎቁን ዘመን መለየት ይቀላል። ብሎኬት እዚህ የተለመደው ከጣሊያን በኋላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲያ ደግሞ ለኪራይ ብሎ ፎቅ የሚጨምር ማን ነበር? ጎረቤትህ ቢያንስ ስለ ፎቁ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ስለ ታችኛው ቤት ግን የቤቱን ፋይል ፈልግ። ቤቱ ከተወረሱት ከሆነ፣ ያኔ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበረው ለኪራይ ቤቶች ነው የተሰጠው። ከየትኛው እንደምትጀምር ከዚህ ታውቃለህ።

ደረጃው ጓሮ የሆነው በዘዴ ነው። ባለሱቁ ታች ይሸጣል፣ ላይ ይኖራል። የመንገዱ ፊት ለገበያ ብቻ ይቀራል።

በረንዳውን አትንካው! የአዳማን ፀሐይ እያወቅህ? መስታወት ከገጠምክ ሱቁ ምድጃ ይሆናል፤ ጨርቅህም ቀለሙን ይለቃል። ጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነም ኮርኒስ አውርደህ አታሳጥረው፤ ሙቀቱ የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል።

አንድ ያልጠየቅኸኝን ልጨምር። ሱቅ ላስፋ ብለህ ያን የድንጋይ ግድግዳ እንዳታስፈርስ። ፎቁን የተሸከመው እሱ ነው። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን፤ በ2017 ከፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲነቃነቅ እኛም ጋ ተሰምቷል። ድንጋዩና ብሎኬቱ የሚገናኙበት ላይ ስንጥቅ ካለ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ።