ሕግ የወንድ፣ ርኅራኄ የሴት ነው?

ጥያቄ፦ ለ16 ወንዶችና ለ14 ሴቶች የሥነ ምግባር ሥልጠና እሰጣለሁ። በውይይት ላይ ወንዶቹ ሕግን፣ ሴቶቹ ርኅራኄን የሚያስቀድሙ ይመስለኛል። ተፈጥሮ ነው ወይስ ባህል? በትክክል ለማወቅስ እንዴት ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ሐሳቡ ታሪክ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሎውረንስ ኮልበርግ በ1958 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀው የዶክትሬት ጥናት የተሠራው በወንድ ልጆች ላይ ብቻ ነበር። ከሚጠይቃቸው ታሪኮች ዝነኛው ይህ ነው፦ ሃይንዝ የሚባል ሰው ሚስቱ ልትሞትበት ነው፤ መድኃኒቱን የመግዛት አቅም የለውም፤ ይስረቅ ወይስ አይስረቅ? ነጥብ የሚሰጠው ለመልሱ ሳይሆን ለምክንያቱ ሲሆን፣ ምክንያቶቹ በ6 ደረጃ ተሰድረዋል። ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ጊሊጋን በ1982 ሙግት አነሳች፦ ይህ የደረጃ መሰላል በወንዶች አነጋገር ተለክቶ የተሠራ ነው፤ «ከባለ መድኃኒቱ ጋር ይነጋገሩ» የምትል ልጅ ጥያቄውን እየሸሸች ሳይሆን የሰዎቹን ግንኙነት እያየች ነው።

ትችቷ ተገቢ ነበር። ከእሷ በኋላ የተስፋፋው «ሴት እንዲህ፣ ወንድ እንዲያ» ግን ከማስረጃው በላይ ሄዷል። በ2000 ሳራ ጃፊና ጃኔት ሃይድ 113 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ ሴቶች ለሰው ማሰብን በማስቀደም የበለጡት በ0.28 መደበኛ ልይይት ብቻ ነው። በተራ ቋንቋ፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት በዕጣ ብናወጣ፣ ከ100 ጊዜ ሴቲቱ የምትበልጠው 58 ጊዜ ያህል ነው። ሳንቲም ከመወርወር ብዙም አይርቅም።

የባህሉ ልዩነት ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ጆአን ሚለርና ዴቪድ በርሶፍ በ1992 ባወጡት ጥናት ለሕንዶችና ለአሜሪካውያን ያቀረቡት አንድ ታሪክ ይህ ነበር፦ ቦርሳው የተሰረቀበት ሰው ለጓደኛው ሠርግ ቀለበት ማድረስ አለበት፤ የሌላ ሰው የባቡር ትኬት ይውሰድ? ለጓደኛ ያለበት ግዴታ ይቅደም ያሉት ሕንዶች ከአሜሪካውያኑ እጅግ ይበዛሉ። ዝምድናን ማስቀደም የሴት ድምፅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአገር ይህን ያህል ባልተለያየ ነበር።

ወደ ክፍልዎ እንምጣ። በውይይት የሰሙት ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ቀድሞ የተናገረ ሌላውን ይስባል፣ «ከሴት የሚጠበቀውን» የምትናገርም አትጠፋም። ስለዚህ ከውይይቱ በፊት እንደ ሃይንዝ ያለ አንድ ታሪክ ይስጧቸውና ለ10 ደቂቃ ሳይነጋገሩ፣ ስም ሳይጽፉ ይመልሱ፤ ጾታቸውን ከወረቀቱ ጀርባ ያመልክቱ። ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ባለታሪኩ ምን ማድረግ አለበት? ለምን? «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ» ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሰው ይገባል የሚለውና የሚያደርገው ስለሚለያይ አይቀላቅሉት።

ታሪኩን አስቀድመው በሁለት ቅጂ ያዘጋጁ፤ በአንደኛው ባለታሪኩ ወንድ፣ በሌላው ሴት። ለእያንዳንዱ ቅጂ 8 ወንድና 7 ሴት ይድረሱት። በአማርኛ ስም መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ግሦቹ ሁሉ ይከተላሉ፣ አንድ «ሰረቀ» ከተረሳ አንባቢው ግራ ይጋባል። ፍርዱ ከባለታሪኩ ጾታ ጋር የሚዋዥቅ ከመሰለ፣ ያዩት የፈራጁን ተፈጥሮ ሳይሆን ለወንድና ለሴት የተለያየ መስፈርት ማውጣትን ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ለውይይት የሚጠቅመውም ይኸኛው ነው።

ምክንያቶቹን ሕግ ወይም ርኅራኄ ብለው ሲመድቡ የወረቀቱን ጀርባ አይዩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸውን የሚያውቁ ከሆነ ሌላ ሰው ይመድብልዎ። ታሪኩም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይሁን፤ በ2014 የወጣ ጥናት በባዕድ ቋንቋ የተጠየቁ ሰዎች ብዙዎችን ለማዳን አንዱን መሠዋትን ይበልጥ እንደሚቀበሉ አሳይቷል።

ውጤቱን ግን «ሴቶች እንዲህ ናቸው» ብለው አይጻፉ። 0.28ን የሚያህል ልዩነት በአስተማማኝ ሁኔታ ለማየት ከእያንዳንዱ ወገን 200 ሰው ገደማ ያስፈልጋል፤ እርስዎ ያለዎት 30 ነው።