ሽምግልናው ለፋሲካ ማግስት ተቀጥሯል፤ ክሱስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በአንድ ሆቴል አራት ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በኅዳር መጀመሪያ ቆጠራ ተደርጎ ጉድለት ተገኘብሽ አሉኝ። ከጥምቀት በኋላ የስንብት ደብዳቤ ሰጡኝ። ባለቤቱ የሰፈራችን ሰው ስለሆኑ ሽማግሌ ልኬ ሁለት ጊዜ ተቀምጠናል። ሦስተኛው ቀጠሮ «ጾሙ ይለፍ» ተብሎ ለፋሲካ ማግስት ሆነ። እኔ የምፈልገው ወደ ሥራዬ መመለስ ነው። ልክሰስ ወይስ ልጠብቅ?

መልስ፦ እህቴ፣ የላክሽልኝን የደብዳቤ ፎቶ አየሁት። ቀኑ ያለበት ጥግ በአውራ ጣትሽ ተሸፍኗል። በጽሑፍሽም «ከጥምቀት በኋላ» ብለሽ አለፍሽው። ዋናውን ነገር ነው የተውሽው!

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ የሥራ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ደብዳቤው ጥር 14 ደርሶሽ ከሆነ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ አበቃ ማለት ነው። ስንብቱን ተከትለው ለሚመጡ ክፍያዎች 6 ወር አለሽ። አንቺ ግን ሥራዬን ነው ያልሽው።

ቢሮዬ የሚመጡ ብዙ ሰዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ክፉ አስበው አይደለም። «ልጄ፣ ክስ ምን ያደርጋል፣ እኛ አለን» ይላሉ። ቡና ይፈላል፣ አሠሪውም «አስብበታለሁ» ይላሉ፣ ቀጠሮ ይራዘማል። አራተኛው ቀጠሮ ላይ አሠሪው ድንገት ድምፃቸው ይቀየራል። ለምን? ጠበቃቸው ቀኑን ቆጥሮላቸዋል። የቀን ቆጠራውን የሚያቋርጠው ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን ላለው የመንግሥት አካል ወይም ለፍርድ ቤት ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው መብትሽን በጽሑፍ ማመናቸው ነው። የሰፈር ሽምግልና እዚህ ውስጥ የለም። «አስብበታለሁ» የሚል የቃል ተስፋማ ጭራሽ አይቆጠርም።

ታዲያ ሽማግሌዎቹን አስቀይሚ አላልኩም። ክሱን መዝገብ ቤት አስገቢና ሽምግልናውን ቀጥይበት። ብትስማሙ ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ ለፍርድ ቤቱ ታቀርቡታላችሁ። ሠራተኛ ስለሆንሽ የዳኝነት ክፍያ አትጠየቂም። ያለ ጠበቃ ምክር ግን «ከዚህ በኋላ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ላይ እንዳትፈርሚ። አንዳንዴ ክሊራንስ ተብሎ ነው የሚሰጠው። ፈርመሽ ከሆነም አትደብቂኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳታውቂው ነግረሽኛል። አሠሪ ለስንብት ምክንያት የሚሆነውን ነገር ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል። ቆጠራው ኅዳር፣ ደብዳቤው ጥር! እነሱ «ሪፖርቱ የደረሰን ዘግይቶ ነው» ማለታቸው አይቀርም። ስለዚህ የቆጠራው ሰነድ ላይ የፈረምሽበት ቀን ወሳኝ ነው። ኮፒው ከሌለሽ አብሮሽ የቆጠረውን ሰው ጠይቂ። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ መመለስ ወይም ካሣ ሊወሰን ይችላል። ሰነድ ሳላይ ግን «ታሸንፊያለሽ» አልልሽም።

የቅጥር ውልሽን፣ የደመወዝ ማስረጃሽንና ደብዳቤውን ይዘሽ ነገ ጠዋት እዚያው ሐዋሳ ያለ ጠበቃ ዘንድ ሂጂ። አቅም ካጠረሽ ፍርድ ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ እንዳለ ጠይቂ። ፎቶውንም ድጋሚ ላኪልኝ፤ ጣትሽን አንስተሽ።